የእናቴ ሐሙሶች

ልጅ እያለሁ እናቴ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትጠፋ ነበር።

የምንኖረው ከሾላ ገበያ ጀርባ፣ የወፍጮ ቤቱ ጩኸት ከጠዋት እስከ ማታ በማይቋረጥበት ሰፈር ነው። እማዬ ገበያው ውስጥ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። የኮረሪማው፣ የጥቁር አዝሙዱ፣ የበሶብላው ሽታ ልብሷ ላይ ስለሚያድር ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ መምጣቷን አውቅ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ግን ሌላ ሽታ ይዛ ትመጣለች፤ የኦቾሎኒ፣ የታፈነ ክፍልና የብዙ ሰው ሽታ። ዓይኖቿ ቀልተው ትገባና ሽንኩርቷን መክተፍ ትጀምራለች። አዝናለች እንዳልል፣ እየከተፈች በማላውቀው ቋንቋ ታንጎራጉራለች።

«የት ሄደሽ ነው?» ስላት «ለቅሶ» ትለኛለች።

በሳምንቱም ለቅሶ። በሚቀጥለውም ለቅሶ። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩና መቁጠር አያቅተኝም፤ ከመስቀል እስከ ገና ባለው ጊዜ ብቻ አሥራ አንድ ሰው ሞቷል። ሁሉም ሐሙስ ቀን። በሾላ ሰው ሰኞና ቅዳሜ አይሞትም እንዴ? ለመሆኑስ ከለቅሶ የመጣ ሰው ያንጎራጉራል?

ነገሩ መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር። በኋላ ግን ያስፈራኝ ጀመር። በዚያው ዓመት የአንዲት የክፍሌ ልጅ እናት፣ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» እያለች ከልጆቿ ተደብቃ ሐኪም ቤት ስትመላለስ ከርማ ነበር የሞተችው። የእማዬን የቀላ ዓይን ባየሁ ቁጥር ያቺ ሴት ትመጣብኛለች። አባዬን እንዳልጠይቅ፣ አባዬ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ መምህር» ይለዋል። ደግ ነው፤ ግን ለእሱ ነገር ሁሉ ወይ ልክ ነው ወይ ስሕተት ነው፣ መሐል የሚባል ነገር አያውቅም። እማዬ የደበቀችው ነገር ካለ ደግሞ ስሕተቱ ውስጥ እንደሚመድበው ገብቶኛል።

ስለዚህ ራሴ ላጣራ ወሰንኩ። የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ ከሰዓት ነፃ ነኝ። አንድ ሐሙስ ምሳዬን እንደ ነገሩ ጎርሼ ወደ ገበያው ሄድኩና ከበርበሬ ጆንያዎች ጀርባ ተደበቅሁ። ማስነጠሱ ሊገድለኝ ነበር። ስምንት ሰዓት ሲጠጋ እማዬ ሽርጧን አራገፈች፤ መደቧን አጠገቧ ሽንኩርት ለምትሸጠው ለእትዬ ዘነበች አደራ ሰጠችና ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ወጣች። እንደ ለቀስተኛ ቀስ ብላ አይደለም የምትራመደው። ትቸኩላለች። የእህል ተራውን አልፋ፣ ታክሲ ተራውን ተሻግራ፣ በሁለት ሱቆች መሐል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ገባች። መተላለፊያዋ መጨረሻ ላይ በቆርቆሮ የተሠራ፣ በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ የተንጠለጠለበት ቤት አለ። ጨርቁን ገለጠችና ገባች።

ቤቱን አውቀዋለሁ። ቪዲዮ ቤት ነው። አባዬ በዚያ መንገድ ባለፍን ቁጥር «ሰው ጊዜውን በገዛ እጁ የሚቀብርበት ጉድጓድ» የሚለው ቤት።

ጨርቁ ፊት ለፊት ቆሜ ቀረሁ። ከውስጥ የሴት ዘፈን፣ ቀጥሎ በጥፊ የተመታ ሰው ድምፅ፣ ቀጥሎ የብዙ ሴቶች «ውይ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። መግባትም መሄድም አቃተኝ። በዚህ መሐል ጨርቁን ገልጦ አንድ ወፍራም ሰውዬ ወጣ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ደምሴ ነበር። ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ነገሩ ሁሉ ከመኪና አይወጣም።

«ምንድን ነው እዚህ የምትገተሪው? የማን ልጅ ነሽ?»

«የአስካለ» አልኩ።

ከት ብሎ ሳቀ። «እናትሽ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ናት። ሐሙስ የሴቶች ቀን ነው፤ ሲጋራ የለ፣ ጫት የለ። ግቢ፤ ግን ሞተርሽን አጥፊ፤ ድምፅ እንዳልሰማ።»

ገባሁ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ቀስ በቀስ የሴቶች ጀርባ ታየኝ፤ ነጠላ፣ ሻሽ፣ የታዘለ ሕፃን። ከፊት ለፊት የእንጨት ሣጥን ላይ አንድ ቴሌቪዥን ተቀምጧል። ከእሱ የሚወጣው ብርሃን ሰማያዊ፣ ቀይ፣ እንደገና ሰማያዊ እየሆነ በሴቶቹ ፊት ላይ ይሄዳል። የገበያውን ሴቶች ግማሽ ያህሉን አወቅኋቸው። እማዬም ነበረች። እጇን አገጯ ሥር አድርጋ፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳታብሰው ትስቃለች። ያን ፊቷን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ሚዛን ስትይዝ፣ ከደንበኛ ስትከራከር፣ ስትቆጣኝ፣ ስትጸልይ አውቃታለሁ። ይህች ግን ሌላ ሴት ናት። ወጣት ነበረች።

አልታመመችም። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ ዞር ስትል አየችኝ። ደንግጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ተነሥታ በጆሮዬ ይዛ የምታስወጣኝ መሰለኝ። እሷ ግን ጥቂት ካሰበች በኋላ አጠገቧ ያለችውን ሴት ገፋ አድርጋ በእጇ ጠራችኝ። ሄጄ ተሸጎጥኩ። አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች።

«አንቺ እንግሊዝኛ ትማሪ የለም?»

«እማራለሁ።»

«እስኪ ከታች የሚጻፈው ምን ይላል?»

ፊልሙ የሕንድ ነው፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። እማዬ አማርኛ ለማንበብ እንኳ የቻለችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ ሰዎቹ ምን እንደሚባባሉ አታውቅም ነበር። እኔም ዓይኔን አፍጥጬ ጠበቅሁ። ጽሑፉ ብቅ ይልና ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ስደርስ ይጠፋል። በመጨረሻ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር መጣችልኝ።

«‹አትሂድ› አለችው» አልኳት።

እማዬ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «አውቄዋለሁ» አለች። «እንደሱ እንዳለችው አውቄ ነበር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሙስ የሁለታችን ሆነ። ለአባዬ እንዳልናገር አላስጠነቀቀችኝም፤ እኔም ምንም አልተነፈስኩም። እማዬ ያየቻቸውን ፊልሞች ታሪካቸውን ለራሷ ሠርታ ነበርና አሁን የኔ ንባብ ከእሷ ታሪክ ጋር ይጋጭ ጀመር። አንዴ ሁለት ሦስት ጊዜ ያየችው ፊልም ላይ «ወንድሜ» የሚል ቃል አንብቤ ስነግራት ክፉኛ ተናደደች። «ወንድሟ ነው? እንዴት ወንድሟ ይሆናል! እስከ ዛሬ ባሏ ነበር እኮ!» ጀርባችን የተቀመጡት ሴቶች በሳቅ ሞቱ። ጋሽ ደምሴ ከኋላ «ፍሬን ያዙ!» ብሎ ጮኸ።

ሴቶቹ እንደማነብ ካወቁ በኋላ በጆሮ ማንሾካሾክ አልተቻለም። «ጮክ በይ እንጂ!» ይሉኛል። ጋሽ ደምሴ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ባለ አንድ እግሯ ባጠረ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ። እየተወላገድኩ አነባለሁ፤ የሚያመልጠኝ ብዙ ነው፤ ያላወቅኩትን ቃል እጄ ላይ እጽፋለሁ። በማግስቱ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችንን አቆማለሁ። ‹ሪቬንጅ› ምን ማለት ነው? ‹ዊዶው›ስ? ‹ኦነር›ስ? አስተማሪዬ አንድ ቀን ‹በቀል፣ ባል የሞተባት፣ ክብር› ብላ ከመለሰችልኝ በኋላ መነጽሯን አውልቃ «አንቺ ልጅ፣ ቤታችሁ ምን እየተደረገ ነው?» አለችኝ። በእንግሊዝኛ ከክፍል አንደኛ ወጣሁ። አባዬ ካርዴን ይዞ ለጎረቤት ሁሉ አሳየ። «ሥራ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም» ይላል። እማዬና እኔ አንተያይም።

ያኔ የማነበው እኔ ብሆንም ማየቱን ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንድ ጊዜ ፊልሙ ውስጥ ያለ ሰውዬ «እኔ ጓደኛህ ነኝ» ይላል፤ እኔም እንደተጻፈው አልኩ። እማዬ ከሦስተኛው አግዳሚ «ይዋሻል!» አለች። «ጽሑፉ ነው የሚለው» ስላት «ጽሑፉን ተይው፣ ጉንጩን እይው» አለችኝ። ፊልሙ ሳያልቅ ሰውዬው ጓደኛውን አሳልፎ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ግማሽ ዓይኔን ፊደሉ ላይ፣ ግማሹን ሰው ፊት ላይ ማድረግ ለመድኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እማዬ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው አንድ ፊልም ነበር። ርዕሱን አናውቅም፤ ካሴቱ ላይ የተጻፈው ተፍቆ ነበር። ሴቶቹ «የልጅቷ» ነው የሚሉት። አንዲት ልጅ እናቷ ያልወደደችውን ሰው አግብታ ከቤት ትወጣለች። ብዙ ዓመት ያልፋል። መጨረሻው ላይ ልጅቷ ተመልሳ የእናቷ በር ላይ ትቆማለች። አሮጊቷ ትከፍትና የሆነ ነገር ትላታለች። ልጅቷ እግሯ ላይ ትወድቃለች፤ ፊልሙ ያልቃል። እማዬ ይህን አራት ጊዜ አይታዋለች። ጋሽ ደምሴ ካሴቱን ተከራይቶ እንደገና ሊያመጣው መሆኑን የሰማች ዕለት «አሮጊቷ የምትላትን ብቻ እንዳታመልጪኝ። ሌላው ቢቀር ግድ የለም» አለችኝ።

ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም። ያወቅሁት ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፤ እማዬ እንጦጦ ላይ እናት እንዳላት፣ ስሟ እማማ በለጡ እንደሚባል፣ እኔ ግን አይቻት እንደማላውቅ። እማዬ ያልተሳለመችው ደብር የለም፤ እንጦጦ ራጉኤል ግን ሄዳ አታውቅም። «ዳገቱ ያደክመኛል» ትላለች። በኋላ እትዬ ዘነበች እንደነገረችኝ፣ እማማ በለጡ ልጇን ለአንድ ሀብታም ገበሬ ልጅ ልትድር ሽማግሌ ተቀብላ ነበር። እማዬ ግን ሰፈሩ ለመጣው ወጣት አስተማሪ ልቧን ሰጥታ አብራው ወደ ሾላ ወረደች። «ከዚህ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ እንዳትገቢ» ተብላ ነው የወጣችው። አሥራ ሦስት ዓመት አልፎታል።

ሐሙስ ደረሰ። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ ከመጀመሪያው ጀምሮ አሳምሬ አነበብኩ። ልጅቷ ወጣች፣ ዓመታት አለፉ፣ ተመለሰች፣ በሩ ተከፈተ። አሮጊቷ ከእግሯ እስከ ራሷ ነጭ ለብሳለች። ከጀርባዋ ያለው ግድግዳም ነጭ ነው። የሚጻፈውም ፊደል ነጭ ነው። ነጭ በነጭ ላይ! አንድ ‹ኤስ› ፊደል የምትመስል ነገር አየሁ፣ ጠፋች። አሮጊቷ አፏን ከደነች። ልጅቷ ወደቀች።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እማዬ ከተቀመጠችበት ግማሽ ተነሥታ «ምን አለቻት?» አለች።

አላነበብኩትም ማለት ነበረብኝ። የእማዬን ፊት ሳይ ግን አልቻልኩም። «‹ነይ ግቢ፤ ይህ በር ለአንቺ ተዘግቶ አያውቅም› አለቻት» አልኩ።

ከየአቅጣጫው የሴቶች ሲቃ ተሰማ። እማዬ አላለቀሰችም። ቁጭ አለችና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መብራቱ እስኪበራ አልተንቀሳቀሰችም።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀሚሴን አስቀየረችኝ። በትንሽ ጨርቅ ኮረሪማ ቋጠረች። ሽሮ ሜዳ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በእግር ዳገቱን ተያያዝነው። የት እንደምንሄድ የገባኝ ያኔ ነው። ባሕር ዛፉ ውስጥ ጉም አለ፤ እማዬ ጎኗን ይዛ ትወጣለች። በየመታጠፊያው ልነግራት አስባለሁ፤ ለሚቀጥለው መታጠፊያ አስተላልፈዋለሁ።

ራጉኤልን ተሳለምን። ከዚያ በአንድ የድንች ማሳ ዳር ሄደን አጥሩ የዘመመ ግቢ ገባን። ከጣሪያው ጭስ ይወጣል፤ ሰው አለ ማለት ነው። እማዬ በሩ ፊት ቆመች።

«እናቴ! እኔ ነኝ። አስካለ ነኝ።»

ውስጥ የሚንኳኳ ዕቃ ነበር፤ ቆመ።

«እናቴ፣ ልጄን ይዤ መጥቻለሁ።»

በበሩ ስንጥቅ ጥላ ሲያልፍ አየሁ። ሦስተኛ ጊዜ ተጣራች። ማንም አልከፈተም። ውሻ እንኳ አልጮኸም። እማዬ ኮረሪማውን ደፉ ላይ አስቀምጣ እጄን ያዘችና ተመለስን።

ቁልቁለቱን ጀመርን። እኔ ነኝ ያመጣኋት። እኔ ነኝ ወደተዘጋ በር የላክኋት። አንዱ ጠመዝማዛ ጋ ስንደርስ ቆምኩና እየተንሰቀሰቅሁ ተናዘዝኩ።

«እማዬ፣ አላነበብኩትም። ነጭ በነጭ ነበር። ከራሴ ነው ያወጣሁት።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«የአሮጊቷን አፍ አይቻለሁ እኮ። ሁለት ቃል ነው የተናገረችው፤ ቢበዛ ሦስት። አንቺ ያን ሁሉ ከየት አመጣሽው?»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

እግሯ ሥር የወደቀውን የባሕር ዛፍ ቅጠል አንሥታ አሸተተችው። «አራት ጊዜ ያን ፊልም ሳይ፣ አሮጊቷ እየረገመቻት ነበር የሚመስለኝ። ልጅቷ የወደቀችው ከእርግማኑ የተነሣ ነበር የሚመስለኝ። አንቺ ስትናገሪ፣ ለካ ሰው እንዲህም ሊባል ይችላል አልኩ። ባይባልም ልጠይቅ ብዬ ነው የመጣሁት።» ከዚያ እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝና ጨመረች። «ሁለተኛ ግን እንዳታደርጊው። ያላነበብሽውን አላነበብኩም በይ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ወጣን። ደፉ ላይ የተውነው ኮረሪማ የለም። በሩ እንደ ተዘጋ ነው። ከበሩ ፊት ግን ከዚያ በፊት ያልነበረ የእንጨት ዱካ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ የበግ አጎዛ ተነጥፎበታል። እማዬ አየችው፣ አየችኝ፣ ተቀመጠችበት። ከዚያ ለተዘጋው በር ታወራ ጀመር። ስለ ገበያው፣ ስለ አባዬ ትምህርት ቤት፣ ስለ ወገቧ ሕመም፣ ስለኔ የእንግሊዝኛ ውጤት። ልክ ሰው ፊቷ እንደተቀመጠ ሁሉ። በመሐል አንዴ ከውስጥ ሳል ሰማን። ስንነሣ አዲስ የቋጠረችውን ኮረሪማ አስቀመጠች።

ሦስተኛ ስንወጣ ገና ሳንጣራ በሩ ተከፈተ። አጭር፣ ቀጥ ያለች፣ ካቦርት የደረበች አሮጊት ወጣች። እማዬን አላየቻትም፤ ያየችው እኔን ነው፤ ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ ድረስ። ከዚያ እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ የተሰነጠቁ የኮረሪማ ፍሬዎች ነበሩ።

«ግማሹ ባዶ ነው» አለች። «ነጋዴ ነኝ ትያለሽ፤ ሰው እንዲህ ያታልልሻል?»

እማዬ ለመሳቅ አፏን ከፍታ ለቅሶ ወጣ። ጉልበቷ ላይ ወደቀች። አያቴ ትከሻዋን ይዛ «ተነሽ፣ ጭቃ ነው። ተነሽ አንቺ ልጅ» እያለች ራሷም ማንሣት አቅቷት አብራ ተንበረከከች። እኔ ሁለቱን በየተራ አየኋቸው። ከታች የሚጻፍ ነገር አልነበረም። የሆነው ሁሉ ግን ገባኝ።

እማማ በለጡ ከፋሲካ በኋላ ሾላ ወረደች፤ ለሦስት ቀን ብላ መጥታ ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። ሐሙስ ሲደርስ ልንደብቃት አልቻልንም፤ አብራን መጣች። ፊልሙ ውስጥ ሰዎች ሲገቡ ከተቀመጠችበት ብድግ እያለች እጅ ትነሣለች። ጋሽ ደምሴ በሳቅ ትን አለው። ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን ጠጋ ብላ አየችው፤ ከጀርባውም ዞራ አየችው። «እነዚህ ሰዎች አሁን የት ገቡ?» አለችኝ። ካሴቱን፣ ሽቦውን፣ መብራቱን እያሳየሁ አስረዳኋት። አልረካችም። «እሱስ ገባኝ። ግን ያቺ ልጅ ዛሬ የት ታድራለች?» አለች። ግሩም ፊልም አይቼ ስወጣ አሁንም ይኸው ጥያቄ ነው የሚመጣብኝ።

ምሥጢራችንን ያወጣችውም እሷው ናት። ያን ዕለት ራት ላይ፣ ገና ቂሟን ሙሉ በሙሉ ላልረሳችለት ለአባዬ፣ ያየችውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከችለት። «ልጅህ እንደ ቄስ ታነባለች፤ ሴቱ ሁሉ በእሷ አፍ ነው የሚያለቅሰው» ብላ ጨረሰች። እኔ የጠቀለልኩትን ጉርሻ መሶቡ ላይ መልሼ አስቀመጥኩ። አባዬ እጁን ታጠበ። እማዬን አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ስንት ጊዜ ሆነው?» አለ።

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ» አለች።

«ለቅሶው ሁሉ?»

«አንዳንዱ እውነት ነበር።»

አባዬ ብዙ አሰበ። እንደ ከባድ ስሌት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «እንግሊዝኛው ከዚያ ነው የመጣው?» አለ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ተነሥቶ ወጣና ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ቆየ። በሚቀጥለው ሐሙስ እማዬ መደቡን ለእትዬ ዘነበች አደራ ልትሰጥ ስትል አባዬ ሱፉን እንደለበሰ ከትምህርት ቤት መጣ። «እናንተ ሂዱ፤ እኔ እጠብቃለሁ» አለ። ቪዲዮ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ እስኪሞት አልገባም። ጋሽ ደምሴ ቤቱን እስኪዘጋ ድረስ ግን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጥቁር አዝሙድ የሚመዝነው እሱ ነበር። እትዬ ዘነበች እንደምትለው፣ አንዲት ፍሬ ሳታጎድል፣ አንዲት ሳታተርፍ።

ዛሬ እንጀራዬ ከዚያው በርጩማ የመጣ ነው ብል አላጋነንኩም። የውጭ አገር ፊልሞችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ከታች የሚጻፈውን አሁን የምጽፈው እኔ ነኝ። ቤቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጠረጴዛዬ ከመስኮቱ አጠገብ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ካላማረችኝ ፊልሙን አቆመዋለሁ፣ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ፣ የተዋናይዋን ጉንጭ አያለሁ። ያኔ የሚመለስ ነገር አልነበረም፤ ካመለጠ አመለጠ። ለዚህ ይመስለኛል በሙሉ ዓይናችን እናይ የነበረው። አሁን ልጄ በስልኳ፣ አንድ ሰዓት ተኩል በሚፈጅ የታክሲ መንገድ ላይ፣ ግማሽ ፊልም አይታ ግማሹን ለነገ ታስቀምጣለች። ሞኝነት ነው አልልም። እሷም የራሷ የሆነ መንገድ ይኖራታል። ብቻዋን ስታይ ሳያት ግን፣ ስትስቅ ማን አብሯት ይስቃል እላለሁ።

ባለፈው ወር እማዬን መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ፊልም ላሳያት ወሰድኳት። ሰባ ዓመቷን አልፋለች፤ አሳንሰሩን አትወድም፤ ደረጃውን እያረፍን ወጣን። አዳራሹ ሰፊ፣ ወንበሩ እንደ ሶፋ የሚያሰምጥ ነው። ተመልካቹ ግን ሰባት ሰው ብቻ ነበር፤ ሁሉም ተራርቀው ተቀምጠዋል። ቲኬታችን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፈልጌ ሳገኝ እማዬ የለችም። ሦስት ረድፍ ወርዳ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ብቻዋን የተቀመጠች አንዲት ወጣት አጠገብ ልክ እንደ ዘመድ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ቦታችን እዚህ ነው» አልኳት በሹክሹክታ። «ያ ሁሉ ወንበር ባዶ ሆኖ ሰው ለምን ታስጨንቂያለሽ?»

«ባዶ ወንበር ምን ያደርግልኛል?» አለች ጮክ ብላ። «አንቺም ነይ።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሰበሰበች። እኔ አፍሬ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ፊልሙ የኛው የአማርኛ ነበር፤ የሚተረጎም ነገር የለውም። እማዬ ግን ዝም አላለችም። «ይሄ ሰውዬ ደስ አላለኝም፤ አንቺስ?» ትላታለች። ልጅቷ መጀመሪያ ማዳመጫውን ወደ አንገቷ አውርዳ በትሕትና ፈገግ ትላለች። ትንሽ ቆይታ «እኔንም ደስ አላለኝም፣ እማማ» አለች። ከዚያ ማዳመጫውን ከአንገቷ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እማዬ በመሐረብ ቋጥራ ያስገባችውን ቆሎ አካፈለቻት። መሐሉ ላይ ሁለቱም በአንድ ላይ «ውይ!» ሲሉ ከፊት ያሉት ዞረው አዩን፤ አንደኛው ሳቀ።

መብራቱ ሲበራ ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቷል። ልጅቷ ለመሄድ ተነሣች፣ ከዚያ ሐሳቧን ቀየረች። «እማማ፣ እርስዎ ምን ይላሉ፤ መጨረሻ ላይ ትታው የሄደችው ጠልታው ነው?»

«ጠልታው? እንዴት ጠልታው ትሄዳለች! እጇን አላየሽውም?» አለች እማዬ፤ የልጅቷን ክንድ ይዛ። «ነይ እስኪ፣ እየሄድን እነግርሻለሁ።»

እየተከራከሩ ደረጃውን ወረዱ። እኔ የእማዬን ጃንጥላና ልጅቷ የረሳችውን ሹራብ ይዤ ከኋላ ተከተልኳቸው፤ ማን እንደሚረታ ለማወቅ ጆሮዬን አቁሜ።